ስለ ልጆች ጠጕርና ጌጥ፤ ወላጅ የሚያኖረው ወሰን

ልጅ ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት በሞላው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መልኩን መለወጥ ይወዳል። ወንዱ ጠጕሩን ከሁለቱ ጐን አስላጭቶ ከላይ አቁሞ ከገበያ ይመለሳል፤ ሴቲቱም ሰው ሠራሽ ጠጕር አስቀጥላ፥ ከንፈሯን ቀብታ፥ ጆሮዋንም በሁለተኛና በሦስተኛ ስፍራ ተበስታ ትገባለች። አባትም ይህን ባየ ጊዜ ይቈጣል፥ መቀስም ያነሣል። ከዚህ የተነሣ ከአባቱ ቤት ኰብልሎ ወደ ከተማ የሄደ ወንድ ልጅ፥ ወይም በጓደኞቿ ፊት መታየት አፍራ ትምህርቷን የተወች ሴት ልጅ ይገኛሉ። ስለዚህ ወላጅ በምን ነገር ጽኑ፥ በምንስ ነገር ታጋሽ ሊሆን እንደሚገባው መምህራንና ሽማግሎች አስቀድመው ሊመክሩበት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ከባዕድ አገር የመጣ ነው ይላል። ስለ አንዳንዱ እውነት ነው፤ ስለ ነገሩ ሁሉ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ የሰው ጠጕር ከጥንት ጀምሮ እንደ ጽሕፈት የሚነበብ ነበር። ሕፃኑ ራሱን ተላጭቶ ቍንጮ ይተውለት ነበር፤ ልጃገረዲቱም መኻል አናቷን ተላጭታ ሳዱላ ትባል ነበር፥ ባገባችም ጊዜ ጠጕሯን ታሳድግ ነበር፤ ሐዘንተኛ ይላጫል። ካህን ራሱን ተላጭቶ ይጠመጥማል፤ ባሕታዊ ግን ጠጕሩን ሳይቈርጥና ሳያበጥር ያሳድጋል፤ ሁለቱንም ሕዝብ ያከብራቸዋል። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕራቸውን ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያንን በዱር የተዋጉት አርበኞችም በጎፈሬያቸው ይታወቁ ነበር። ዝሆን የገደለ አዳኝም በጆሮው ሎቲ ማድረግ ክብሩ ነበርና፥ የወንድ ልጅ ጆሮ መበሳት ፈጽሞ ያልተሰማ ነገር ነው ለማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ ደግሞ የከተማ ተማሪዎች አፍሮ የተባለውን ጠጕር ባሳደጉ ጊዜ ብዙ አባቶች ተቈጥተው ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ዛሬ ሽማግሎች ናቸው፤ ከነሱም የልጅ ልጁን ጠጕር አይቶ የሚቈጣ አይጠፋም።

ይህ መባሉ ልጅ ሁሉ ደስ ያለውን ያድርግ ለማለት አይደለም። የቀድሞው ጠጕርና ጌጥ ሥርዓት ነበረው፤ ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደሚያደርገው ቤተ ሰብም ጎረቤትም ያውቀው ነበር። የዛሬው ግን በስልክ ታይቶ በአንድ ቀን ይያዛል፥ በሌላው ቀን ይተዋል። እንዲህ ከሆነ ወላጅ፥ «ይህ የማን አገር ልማድ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ «ልጁ ነገ ቢጸጸት ይህ ነገር ይመለሳልን?» ብሎ ቢጠይቅ ወሰኑን በትክክለኛው ስፍራ ያኖረዋል።

ጠጕር ይመለሳል፤ በአንድ ወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋልና። በመስከረም የተቈረጠ ነገር በፋሲካ አይታይም። ስለዚህ አባት በጠጕሩ ቅርጽ ከሚከራከር የጠጕር ቈራጩን መሣሪያ ቢመረምር የበለጠ ይጠቅማል። ሳይጸዳ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚዞር መቍረጫ ቈረቈርን ያጋባል፤ ደም ያወጣ ምላጭ ደግሞ ከዚያ የከፋ በሽታ ያስተላልፋል። ሹሩባም ቢሆን የገዛ አገር ልማድ ስለሆነ ብቻ ከነቀፋ አይድንም። እጅግ ተጠብቆ ሲሠራ፥ ይልቁንም ሰው ሠራሽ ጠጕር ሲጨመርበት፥ በግንባር ዳር ያለውን ጠጕር ከሥሩ ይስበዋል፤ ይህም ለብዙ ዘመን ከተደጋገመ ጠጕሩ ሳይመለስ ይቀራል።

የጆሮ መበሳት በሚመለሰውና በማይመለሰው መካከል ያለ ነው። ለስላሳው የጆሮ ጫፍ በንጹሕ መርፌ ቢበሳ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለ ጊዜ ይድናል። ጠንከር ያለው የላይኛው ክፍል ግን ለመዳን ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ቢመግልም የጆሮውን ቅርጽ ሊያበላሽ ይችላል። በአንዳንድ ሰው ደግሞ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እያበጠ ይሄዳል፤ በቤተ ሰቡ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት ዘመድ ካለ ልጁ ባይበሳ ይሻላል።

የማይመለሰው ግን ንቅሳት ነው። በዚህ ነገር ወላጅ የሚቸገረው ክርክሩ ከገዛ ቤቱ ስለሚነሣበት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንዲት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ክንዷን ልትነቀስ ፈለገች እንበል። አባቷም ከለከላት። እርሷም፥ «አባባ፥ እማማ አንገታቸውን በሦስት ረድፍ ተነቅሰው የለምን? የርሳቸው ጌጥ ሲሆን የኔ ስለ ምን ነውር ይሆናል?» አለችው። አባት በዚህ ጊዜ፥ «ዝም በይ!» ቢላት ልጅቱ ዝም ትላለች፤ ነገር ግን በሚመጣው ቅዳሜ ከገበያ ጓሮ በማይታወቅ ሰው መርፌ ትነቀሳለች። ከዚህ የሚሻለው አያቲቱን ጠርቶ ማናገር ነው። እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ሰዎች እጅና እግራቸውን ይዘው በታሰረ መርፌና በጥላሸት እንደ ነቀሷቸው፥ ድዳቸውም አብጦ እህል መቅመስ እንዳቃታቸው፥ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ይነግሯታል። «አንቺ ግን ተጠይቀሻል፤ ሃያ ዓመት ሲሞላሽ በዚሁ ሐሳብ ብትገኚ ያን ጊዜ ሰውነትሽ በእጅሽ ነው» ይበሏት። እንዲህ ያለ ክልከላ ቀን የተቈረጠለት ስለሆነ ልጅ ይታገሠዋል።

ከዚህም የሚከተል ነገር አለ። ልጅቱ ራሷ እንዳትነቀስ የተከለከለች ከሆነ፥ ወላጅም ሕፃን ይዞ ሊነቅስ አይገባውም። በአንድ መርፌ ብዙ ልጆች ሲነቀሱ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋሉ፤ መንጋጋ ቈልፍም ባልጸዳ መሣሪያ ከተቈሰለ ገላ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ የሰውን አካል የጐዳውን ይቀጣል።

ስለ መኳኳል ነገሩ አጭር ነው። እንሶስላ ጉዳት የለውም፤ ከቀናት በኋላም ይለቃል። የከንፈር ቀለም በውኃ ይታጠባል፤ ስለ እርሱ ቤት ማወክ አይገባም። ኩል ግን ከጥንት የተመሰገነ ቢሆንም አንዳንዱ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነው፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳልና የሕፃን ዓይን ባይኳል ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ቆዳን ለማቅላት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ቅባት ነው። ከዚህ ዐይነት ቅባት ባዚቃ ያለበት ተገኝቷል፤ ባዚቃም ኵላሊትን ያበላሻል። በ2006 ዓ.ም. በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ውል እንዲህ ያለው ቅባት እንዳይሠራ፥ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ያስገድዳል። በዚህ ነገር እናት ያለ ማመንታት ትከልክል፤ ነገር ግን አስቀድማ የገዛ ሣጥኗን ትመልከት።

የቀረው የመምህራን ነገር ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በሰልፍ ጊዜ የልጅን ጠጕር በመቀስ መኻሉን ቈርጦ መስደድ ልማድ ሆኖ ነበር። ይህ ማስተማር አይደለም፥ ማዋረድ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት ከጭካኔ ቅጣት ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። ርእሰ መምህሩ በመስከረም ወላጆችን ሰብስቦ፥ ከልጆችም ሁለት ሦስት የሚናገሩ አስቀምጦ፥ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ገጹም በክፍሉ በር ይለጠፍ። አባትና እናትም በዚያ ቀን አንድ ቃል ይናገሩ፤ እናት በስውር የፈቀደችውን አባት በአደባባይ ሲከለክል ልጅ ሁለቱንም ይንቃልና። ከተጻፈው ውጭ የተገኘ ልጅ ቢኖር ከትምህርቱ ሳይለይ ወላጁ ይጠራል፤ ጠጕሩም የሚቈረጥ ከሆነ በቤቱ፥ በእናቱና በአባቱ ፊት፥ በንጹሕ መቀስ ይቈረጣል።