መኪናው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?
(ለሰዋቆችና አገር ቤት መኪና ላስገዛን ሁሉ የቀረበ ትምህርት)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤንዚን ነው። "ቤንዚን ለእኔ ምኔ ነው?" የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ነገርየው ግን ሁላችንንም ይነካል። ሰዋቅ ሆኖ የሚሠራው ወንድማችን "ባለፈው ወር 200 ሪያል በቅቶህ ነበር፣ አሁን 300 ጠየቅክ፤ የት አደረስከው?" ሲባል መልስ ያጣል። ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ለወንድሟ መኪና የገዛች እህትም "ገቢውን ነዳጅ በላው" ስትባል እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም። እሷ ትጠረጥራለች፣ እሱ ይቀየማል። ለሁለቱም መፍትሔው መለካት ነው።

ድሮ ማንም አይጠይቅም ነበር። ሳዑዲ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ አረንጓዴው ቤንዚን (91) ሊትሩ 45 ሃላላ ነበር። በ2018 መጀመሪያ 1 ሪያል ከ37 ሃላላ ገባ፤ በሐምሌ 2021 ደግሞ 2 ሪያል ከ18 ሃላላ ሆነ። አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከፊሉ ቢጠይቅ አይገርምም።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1ኛ. መሐጣ ገብታችሁ ሰርባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) አስሞሉ። መቅጃው "ቀጭ" ብሎ በራሱ ሲቆም በቃ በሉ። ሠራተኛው እየነቀነቀ እንዲጨምር አትፍቀዱ።

2ኛ. የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ።

3ኛ. እንደ ወትሮው ንዱ። ለልኬት ብሎ ቀስ ብሎ መንዳት ራስን ማታለል ነው።

4ኛ. ነዳጁ ወደ ሩብ ሲጠጋ እዚያው መሐጣ፣ ቢቻል እዚያው ፓምፕ ላይ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና አስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር እስካሁን የተቃጠለው ነው።

5ኛ. የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ።

ሊትሩን ካላያችሁና ሪያሉን ብቻ ካወቃችሁ፣ ሪያሉን ለሊትሩ ዋጋ አካፍሉ። 65 ሪያል ከ40 ሃላላ ለ2.18 ሲካፈል 30 ሊትር ነው።

ለምን እዚያው ቦታ ትሉ ይሆናል። መሬቱ ካዘመመ ወይም መቅጃው ቀድሞ ከቆመ አንድ ሊትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። 10 ሊትር ብቻ ሞልታችሁ አንድ ሊትር ከተሳሳተ ስሕተቱ ከመቶ አሥር ነው። 40 ሊትር ላይ ግን ከመቶ ሁለት ተኩል ብቻ። ስለዚህ በ20 ሪያል በ20 ሪያል እየቀዱ መለካት አይቻልም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስትም ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

አንድ ጊዜ ለክታችሁም አትፍረዱ። ይህን ምሳሌ ተመልከቱ፦

የመጀመሪያው፣ መካ ውስጥ ብቻ፦ 380 ኪ.ሜ፣ 38 ሊትር። በሊትር 10።
ሁለተኛው፣ ጂዳ ደርሶ መልስ የበዛበት፦ 420 ኪ.ሜ፣ 30 ሊትር። በሊትር 14።
ሦስተኛው፣ በረመዳን፦ 256 ኪ.ሜ፣ 32 ሊትር። በሊትር 8።

መኪናው ያው ነው፣ ሰዋቁም ያው ነው። የሰረቀም የለም። በረመዳን ሚስፈላን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ኢብራሂም አል ኸሊል መንገድ ላይ መኪና ይቆማል እንጂ አይሄድም። ማዳም ሱቅ እስክትወጣ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪለቀቁ ሙከይፍ ከፍቶ መጠበቅም አለ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ፣ ትልቅ መኪና ከሆነ ከዚያም በላይ ይበላል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ዜሮ ነው። እንግዲህ የጠበቃችሁበትን ሰዓትም ጻፉ። ጣኢፍ ስትሄዱ ደግሞ መውጫውን ብቻ አትለኩ። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሲወጡ ይበላል፣ ሲወርዱ ይቆጥባል። ደርሶ መልሱን አንድ ላይ አስሉ።

የሦስቱን ሁሉ ደምሩ፦ 1,056 ኪ.ሜ ለ100 ሊትር፣ በሊትር አሥር ተኩል ያህል። ይህ ነው የመኪናው እውነተኛ ቁጥር። መንገዱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ከወር ወር ከቀነሰ የጎማ ንፋስ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ እንዲሁም ፍሬን ይዞ እንደሆነ ይታይ።

አገር ቤት መኪና ያላችሁም በዚሁ መንገድ ሥሩ። ወንድማችሁ በሞላ ቁጥር የቆጣሪውንና የፓምፑን ፎቶ በስልክ ይላክላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ እንደ ቴሌብር ባሉ መንገዶች እንዲሆን ስለተደረገ፣ የከፈለበት መልእክት ስልኩ ላይ ይቀራል። ግን "አሳየኝ፣ አላምንህም" አትበሉት። "አብረን እናስላው" በሉት። ሰልፍ ይዞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሚኒባስ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣ መኪና፣ ሜዳ ላይ ከሚሮጠው ጋር እኩል አይደለም።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። አንዲት ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጡ። ጥያቄ በተነሳ ቀን ሰዋቁ ከመሐላ ይልቅ ደብተሩን ያወጣል። ማካፈል የሚከብደው ካለ ቁጥሮቹን ጽፎ ያምጣልን፣ ኢንሻአላህ አብረን እናሰላለን።