ሄርሜስ፦ የግሪኮች የአማልክት መልእክተኛ

ጅቡቲ ከተማ ገብቶ ፈረንሳይኛ መማር የጀመረ ሰው አስቀድሞ ከሚይዛቸው ቃላት መካከል የሳምንቱ ቀናት ስሞች ይገኛሉ። በእኛ ዘንድ ረቡዕ አራተኛ ቀን ማለት ነው። የፈረንሳዮቹ «መርክረዲ» ግን የመርኩሪ ቀን ማለት ነው። መርኩሪ የጥንት ሮማውያን የንግድና የመልእክት አምላክ ሲሆን፣ ግሪኮች ሄርሜስ ይሉት ከነበረው ጋር አንድ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ከፕላኔቶች ሁሉ ፈጥና ፀሐይን የምትዞረውም በስሙ ተጠርታለች።

በግሪኮች አፈ ታሪክ ሄርሜስ የአማልክት አለቃ የዜውስ ልጅ ነው። ክንፍ ያለው ጫማ ይጫማል፤ ሁለት እባቦች የተጠማዘዙበት በትር ይይዛል። (ብዙዎች ይህን የሕክምና ምልክት አድርገው ይወስዱታል። የሕክምናው የአስክሌፒዮስ በትር ግን ያለው አንድ እባብ ብቻ ነው።) መንገደኛውንና ነጋዴውን፣ ሌባውን ሳይቀር ይጠብቃል። የሙታንንም ነፍስ ይመራል። በተወለደበት ዕለት የወንድሙን የአፖሎን ከብቶች ሰርቆ፣ ዱካቸው እንዳይታወቅ ወደ ኋላ እያስኬደ ነዳቸው ይባላል።

ከመልእክቶቹ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ የሚገኘው ነው። ኦዲሴዎስ ከትሮያ ጦርነት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ጓደኞቹ ሁሉ አልቀው፣ ካሊፕሶ በተባለች አምላክ ደሴት ላይ ሰባት ዓመት ታግቶ ቆየ። ምግብና መጠለያ አልጎደለበትም። ነገር ግን በየቀኑ ከባሕሩ ዳር ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ጠላቱ የባሕር አምላክ ፖሲዶን ስለነበረ ማንም ሊረዳው አልደፈረም።

ታዲያ አንድ ቀን ፖሲዶን ለግብዣ ሩቅ አገር ሄደ። የሄደውም ወደ ኢትዮጵያውያን ነው! ሆሜር በዚህ ስም የሚጠራው በምድር ዳርቻ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦችን እንጂ የዛሬዋን አገራችንን ለይቶ አይደለም፤ ቢሆንም ስማችን እዚያ መገኘቱ ያስደስታል። አማልክቱ በዚሁ አጋጣሚ ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ እንዲገባ መከሩ። በኋላም ዜውስ ሄርሜስን ላከው።

ሄርሜስ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ካሊፕሶ ዋሻ ገባ። ወድጄ አልመጣሁም፣ የዜውስ ትእዛዝ ነው ብሎ መልእክቱን ነገራት። እርሷም ተቆጣች፤ ግን እምቢ ማለት አልቻለችም። ኦዲሴዎስ በዚያ ሰዓት ባሕሩ ዳር ነበር። ሄርሜስ ሳያነጋግረው ተመለሰ።

ካሊፕሶ ወደ ኦዲሴዎስ ሄዳ «እሸኝሃለሁ» አለችው። ትእዛዙ ከማን እንደመጣ ግን አልነገረችውም፤ ከራሷ ርኅራኄ የመነጨ አስመሰለችው። እርሱም ተንኮል ይሆናል ብሎ ስለጠረጠረ ካልማለች በታንኳ አልሳፈርም አለ። በኋላም በሌላ አገር ስለዚህ ነገር ሲያወራ፣ ከዜውስ መልእክት መጥቶላት ወይም ራሷ ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል ከማለት በቀር እርግጡን አያውቅም ነበር።

ይህን ታሪክ በክፍል ስናነብ ክርክር ተነሣ። አንድ አዛውንት ተማሪ «የሰውየው ጉዳይ ከሆነ ለሰውየው ነው መነገር ያለበት» አሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ «መልእክተኛ የሚሄደው ወደ ተላከበት ነው፤ ጥፋቱ የካሊፕሶ ነው» አለች። ደወል እስኪደወል ድረስ አልተስማሙም።