ዝገቱን አትንካው

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ከምናለሽ ተራ አንድ የድሮ የቢራ ታፔላ ገዛሁ። ጠርዝ ጠርዙ ተላልጧል፤ ዝገትም ይዞታል። ቀለም ቀቢ ዘንድ ወስጄ ላሳድሰው ነው።

ጋሼ፦ ተው ልጄ! መጀመሪያ ጥፍርህን በፊደሉ ላይ አሳልፍ። ፊደሉ ከመደቡ ከፍ ብሎ ጥፍርህን ከያዘው ኢናሜል ነው። ኢናሜል ማለት የተፈጨ መስታወት ነው፤ ላሜራው ላይ ተነስንሶ 800 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ምድጃ ይቀልጣል። ቀዩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ስለሚተኮስ ነው አንዱ ከሌላው ከፍ የሚለው። አስመሳዮቹ ዝገቱን በአሲድ ያመጡታል፤ እሱ ደግሞ በየቦታው እኩል ይረጫል። የእውነተኛው ዝገት ከሚስማሩ ቀዳዳና ከተፈነከተው ጠርዝ ይነሳል፤ ውሃው የሚገባው በዚያ ነዋ።

ወጣቱ፦ ታዲያ ማሳደሱ ምን ክፋት አለው?

ጋሼ፦ ምን ክፋት አለው ትለኛለህ? አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ፈረሰኛው ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ የጊዮርጊስ ቢራ ታፔላ ነበር። ከግርጌው የባለሱቁ ስምና ሰፈሩ በአማርኛና በፈረንሳይኛ በብሩሽ ተጽፏል። እጁ የሠለጠነ ጸሐፊ ነው የጻፈው፤ የ«ሱ» እግር ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ ቀለሙ መጨረሻው ላይ እየሳሳ። ባለቤቱን እንዳይነካው ለመንኩት፤ ልግዛውም አልኩት፤ እሺ አላለም። በሌላ ጊዜ ስሄድ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ፣ በስፕሬይ ቀይና ቢጫ አስቀብቶ ጠበቀኝ። ያንጸባርቃል! ደስ እንዲለኝም ፈልጎ ነበር። የባለሱቁ ስም ግን የለም። ያ ሰው በዚያ ሰፈር ይነግድ እንደነበር ሌላ ማን ይመሰክርለታል? ሱቁ ፈርሷል፤ ልጆቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። እስከ ዛሬ እዚያ ቤት ምግብ አልበላሁም። አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ቀለም ቆርቆሮ ሲያነሳ እጁን የሚይዝለት ቢገኝ እላለሁ።

ወጣቱ፦ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካስ ታሪኩ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ በ1915 ተቋቋመ፣ በደርግ ጊዜ ተወረሰ፣ ኋላም ለፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። እሱ በየመጽሐፉ ይገኛል። የማይገኘው የሱቁ ነው። ፒያሳን ተመልከት፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመናዊው የነገደበት ሰፈር ነው። በ2016 አሮጌዎቹ ሱቆች ሲፈርሱ ታፔላውም አብሮ ወረደ። በአሜሪካም መጠጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1933 በሕግ ሲታገድ ብዙ ጠማቂዎች ተዘግተዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ታፔላው ለብረት ተሰብስቦ ቀልጧል። ስለዚህ ከእገዳው በፊት የተሠራውን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፤ ቀለም የተደረበበት ከሆነ ግን ዋጋው ይወድቃል።

ወጣቱ፦ እንዲሁ በአቧራው ልተወው?

ጋሼ፦ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ በጥጥ ጨርቅ እጠበው። የሽቦ ብሩሽ እንዳታስጠጋ። ወዲያው አድርቀህ ሰም በስሱ ቀባው፤ ከእርጥብ ግድግዳ አርቀህ አቁመው። በላሜራ ላይ የታተመ ብቻ ከሆነ ግን ቤንዚንም ነጭ ጋዝም አይንካው፤ ቀለሙን ያነሳዋል። ለመሆኑ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቀኸዋል?

ወጣቱ፦ ኧረ አልጠየቅኩም።

ጋሼ፦ ነገ በማለዳ ሂድ። ከየትኛው ቁራሌ ገዛው? ቁራሌውስ ከየትኛው ሰፈር፣ ከማን ቤት አወጣው? የነገሩህን ሁሉ ቀኑን ጨምረህ ደብተርህ ላይ ጻፍ።