መልሱን ለመንገር አትቸኩይ

ልጄ፣ አምስተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርሽ ወዲህ “ልጆቹ መሸምደድ እንጂ ማሰብ አልለመዱም” እያልሽ ትብከነከኛለሽ። ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ትዕግሥትሽ ግን አጭር ነው። ጥያቄ ትጥያለሽ፣ ክፍሉ ትንሽ ዝም ካለ መልሱን ራስሽ ትመልሺዋለሽ። ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ ያሳለፍኩ ነኝና ይህን ስሚኝ።

1. ከቤታቸው ይዘውት ከመጡት ጀምሪ። “እንቆቅልሽ” ስትያቸው “ምን አውቅልሽ” የማይል የለም። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ጎንደርን ወይም ሐረርን ተረክቦ፣ እዚያ ሄዶ የበላውን የጠጣውን ዘርዝሮ፣ ተሸናፊውን በቀልድ ስድብ ካጠበው በኋላ ነው መልሱን የሚነግረው። ይህን ሥርዓት አትናቂው። እዚያ መሸነፍ የጨዋታው ግማሽ ነው፤ ያው ልጅ ክፍል ሲገባ ግን ስህተትን ፈርቶ እጁን አያወጣም። ሲለምዱ ራሳቸው ይፍጠሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ ደውል እንቆቅልሽ የሚያበጅ ልጅ ደውሉን እንደገና ማየቱ የግድ ነው።

2. በእግራቸው እንዲያስቡ አድርጊ። የነብር፣ የፍየልና የቅጠሉን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሰውየው ሦስቱንም ወንዝ ማሻገር አለበት፣ ጀልባዋ ግን እሱንና አንዱን ብቻ ነው የምትይዘው። ነብሩ ከፍየሏ ጋር ብቻውን ከቀረ ይበላታል፤ ፍየሏም ከቅጠሉ ጋር ከቀረች እንዲሁ። ፍየሏ ትቅደም የሚለውን ሁሉም ቶሎ ይደርስበታል። ከዚያ ነብሩን ያሻግሩና ግራ ይገባቸዋል፤ ፍየሏን ይዞ መመለስ የሚባል ነገር አይታሰባቸውም። አንዴ ያሻገሩትን መመለስ ኪሳራ ይመስላቸዋላ! ግቢው ውስጥ በጠመኔ ወንዝ አስምሪ፣ አራት ልጆች አቁሚ፣ ያሻግሩ። ሲሳሳቱ ነብሩ ፍየሏን ይብላት፤ አታስቁሚው። ሰባተኛው መሻገሪያ ላይ ሲያበቃ፣ ወደፊት ለመሄድ ወደ ኋላ መመለስ እንዳለ ያለ አንቺ ስብከት ይገባቸዋል። አውሮፓውያንም ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን እያሉ ከሺህ ዓመት በላይ ሲጠያየቁት ኖረዋል፤ አልኩዊን ለተባለ ሊቅ በሚሰጥ የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

3. ዓይናቸውን በማስመሪያ አስመርምሪያቸው። ፍራንዝ ሙለር ላየር የተባለ ጀርመናዊ በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥዕል ለአንቺ ክፍል የተሠራ ነው የሚመስለው። ሰሌዳው ላይ እኩል 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች አስምሪ። የአንዱን ጫፎች እንደ ቀስት ወደ ውስጥ አጥፊያቸው፤ የሌላውን እንደ ባላ ወደ ውጭ ክፈቺያቸው። የቱ ይረዝማል? መጀመሪያ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፤ ካልጻፉ በኋላ “እኔማ አውቄው ነበር” ባዩ ይበዛል። ከዚያ ይለኩ። እኩል መሆኑን በእጃቸው ለክተው እንኳ ባለ ባላው ረዝሞ ይታያቸዋል፤ ዓይን ምክር አይሰማም። ትምህርቱ ይህ ነው፤ እርግጠኛ መሆንና ትክክል መሆን ይለያያሉ። ማተሚያ ካገኘሽ ኤድዋርድ አደልሰን በ1995 እ.ኤ.አ. የሠራውን፣ ጥላ ያረፈበትን የዳማ ሰሌዳ አሳያቸው። ነጭና ጥቁር የሚመስሉት ሁለቱ ካሬዎች አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሁለት ቀዳዳ አብጅተሽ ስትሸፍኚው ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ።

4. “ሰፋ አድርጋችሁ አስቡ” ብለሽ አትለፊው። ዘጠኝ ነጥቦች ሦስት በሦስት ደርድሪ፤ እርሳስ ሳይነሳ በአራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይገናኙ በያቸው። ማንም ሳይከለክላቸው ከነጥቦቹ ክልል አይወጡም። ውጡ ብትያቸውስ? ዌይስበርግና አልባ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለአዋቂዎች ነግረው ነበር፤ አብዛኞቹ እንዲያም ሆኖ አልፈቱትም። ምክር ብቻውን መንገድ አያሳይም። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር ስጪያቸው፤ መስመር ከነጥብ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ መታጠፍ እንደሚችል ይልመዱ።

5. ዕቃ ስታቀርቢ አቀራረቡን አስቢበት። ካርል ዱንከር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ ሚስማር የያዘች ሳጥን ሰጥቶ፣ ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ ይል ነበር። ብልሃቱ ሳጥኗን ባዶ አድርጎ ግድግዳው ላይ መምታትና ሻማውን እሷ ላይ ማቆም ነው። ሳጥኗ ባዶዋን ስትቀርብ ብዙ ሰው ያገኘዋል፤ ሚስማር ከሞላች ግን ዕቃ መያዣ ከመሆን ሌላ ሥራ ያላት አይመስላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶዋን፣ ሌላ ቀን ደግሞ የሞላችውን ስጪ።

6. ፈጣኑን ልጅ ዝም አሰኚው። መልሱን በጆሮሽ ሹክ ይበልሽና ቁጭ ይበል። ጮክ ብሎ ከተናገረ የሌሎቹን ሐሳብ ያቋርጥባቸዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይሞክሩም፣ እሱን ይጠብቃሉ።

7. አታብዢው። በሳምንት አንድ ይበቃል። በየቀኑ ከሆነ እሱም ሽምደዳ ይሆናል።

በይ፣ ሰኞ ከእንቆቅልሹ ጀምሪ። መልሱን ንገሪን ብለው ቢያስቸግሩሽ ዓርብ ነው በያቸው፤ ደግሞም ዓርብ ድረስ ጠብቂ።