ሶላር ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

የሶላር ሻጭ ሳን ሊያንድሮ ያለው ቤትዎን ሲያንኳኳ አስቀድመው የ12 ወር የመብራት ቢልዎን ይደምሩ። በዓመት 6,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። በአካባቢያችን 1 ኪሎዋት ሶላር በዓመት ወደ 1,500 ስለሚያመነጭ፣ 4 ኪሎዋት ይበቃዎታል። በዋት 4 ዶላር ቢጠየቁ ዋጋው 16,000 ዶላር ይሆናል።

«30 በመቶው ከታክስ ይመለስልዎታል» ቢባሉ አይመኑ፤ ሶላር ለሚገዛ የቤት ባለቤት ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

ከኤፕሪል 2023 አጋማሽ ወዲህ ለሚያመለክቱ ደግሞ ፒጂ ኤንድ ኢ ለትርፍ ኃይል የሚያስብልዎት ዋጋ ከሚሸጥልዎት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀን ሱቅ ወይም ታክሲ ላይ ውለው መብራት የሚጠቀሙት ማታ ከሆነ የባትሪውን ዋጋ፣ በብድር ከሆነም ወለዱን ይጨምሩ። ድምሩን በዓመት ከቢልዎ ለሚቀንስልዎት ገንዘብ ያካፍሉት፤ ወጪዎ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያገኙታል።