ጥበቡ የሽመና ነው የሕትመት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለእህቴ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ በቴሌግራም ላዝዝ አስቤያለሁ። ባለፈው ወይን ጠጅ ብዬ ያዘዝኩት ቡናማ ሆኖ መጣብኝ። ጥበቡ በእጅ የተሸመነ መሆኑንስ በስልክ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ስለ ቀለሙ ሻጩን ቶሎ አትቀየሚው። የስልክ ካሜራ የሱቁን መብራት ተከትሎ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። ቀሚሱን በቀን ብርሃን ደጅ አውጥቶ፣ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጎ እንዲያነሳልሽ ጠይቂው። ወረቀቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ፎቶውን አትመኚው።

ስለ ሽመናው ደግሞ ዋናው ማስረጃ ያለው ከጥበቡ ጀርባ ነው። ጥበቡን ገልብጦ በቪዲዮ ያሳይሽ። ሸማኔ ጥበቡን ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ስለሚሠራው ክሩ ከኋላም ይታያል፤ አንዳንዴም ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረ ክር ታያለሽ። የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። የማሽን ጥልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ደረቅ ያለ ገበር አለው። (የታተመውን አልናቅኩም፤ ለልጆች እኔም እገዛዋለሁ። በሽመና ዋጋ ሲሸጥ ነው የማይዋጥልኝ።)

አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ፣ ማንም ያልሰፋቸው ቀሚሶች በየቻናሉ ይለጠፋሉ። ጥበቡን አጉልተሽ እዪው፤ ሸማኔ አንዱን ቅርጽ እየደጋገመ ይሄዳል፣ በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ግን ቅርጹ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይዛባል። ከተጠራጠርሽ ቀሚሱን በእጁ ይዞ በቪዲዮ ይደውልልሽ።

ልክሽን በተመለከተ፣ በደንብ የሚሆንሽን ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡንና ቁመቱን በሜትር ለክተሽ ላኪለት።