ያገለገለ ትልቅ የሸራ ጀልባ፦ ከግዢው በፊት መሠራት ያለበት ሒሳብ

በአውሮፓና በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ከተሞች 12 ሜትር ርዝመት ያለው፣ መኝታ ክፍል፣ ምድጃና የናፍጣ ሞተር የተሟላለት የሸራ ጀልባ ካገለገለ የቤት መኪና ባነሰ ዋጋ ለሽያጭ ቀርቦ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ምንም ሳይጠይቅ «ብቻ ከዚህ ውሰዱልኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሰማ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። ጀልባው 40 እና 50 ዓመት እንዴት ሊቆይ ቻለ? ይህን ያህል ከቆየስ ዋጋው ስለ ምን ወረደ? የሁለቱም መልስ በአመዛኙ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ይመነጫል። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም፣ በክፍል ውስጥ ተለያይተው የምንማራቸው ኦስሞሲስ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ የሞገድ ፍጥነትና የቁስ ጥንካሬ በአንድ ዕቃ ላይ ተሰባስበው የሚታዩበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

የማይበሰብሰው አካል

የጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ሲያረጅም ወደ አፈር ይመለሳል። የእንጨት ጀልባም ዕድሜው ይርዘም እንጂ ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ይህን ሁኔታ የለወጠው ፋይበርግላስ ነው። በታሪኩ ውስጥ ዘወትር የሚጠቀሰው ትራይተን የተባለው 8.5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሸራ ጀልባ ሲሆን፣ ንድፉን ካርል አልበርግ አውጥቶለት ፒርሰን በተባለ ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ በቅርጽ ማውጫ እየተደጋገመ በብዛት የሚመረት ዕቃ ሆነ።

ፋይበርግላስ በፖሊስተር ሬዚን የተነከረ የብርጭቆ ክር ነው። ሬዚኑ ሲጠነክር ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በስታይሪን አማካይነት እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ እንደገና ሊቀልጥ አይችልም። ምስጥ አይበላውም፣ ሻጋታ አያበሰብሰውም፣ ቀልጦም ለሌላ አገልግሎት አይውልም። በዚህም ምክንያት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች እስከ ዛሬ አሉ። ባለቤታቸው ግን ቢጠቀምባቸውም ባይጠቀምባቸውም የወደብ ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩም ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በርዝመት ነው። ጀልባ በነጻ የሚሰጥ ሰው ለጋስ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የሚያስተላልፈው ዕዳ ነው። ችግሩ ከመግዘፉ የተነሣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያረጁ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚፈርሱበት ሥርዓት ዘርግታለች።

አካሉ አለመበስበሱ እውነት ነው። ጀልባ ግን የአካሉ ብቻ ውጤት አይደለም። ብረቱ፣ እንጨቱና ገመዱ ከአካሉ ጋር የተጋጠሙበት ሥፍራ ሁሉ ያረጃል፤ ገዢ ሊመረምረው የሚገባውም ይህንኑ መጋጠሚያ ነው።

ርዝመት እንዴት ያታልላል?

ባለ 9 ሜትር ጀልባ ያለው ሰው ባለ 12 ሜትር ሲመኝ «ሦስት ሜትር ብቻ ይጨምራል» ብሎ ያስባል። የጭማሪው ምጥን 12/9፣ ማለትም 1.33 ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ በሁሉም አቅጣጫ በዚህ ምጥን አደገ ብንል የሚቀባው ገጽና የሸራው ስፋት በርዝመቱ ካሬ ያድጋሉ፤ 1.78 እጥፍ ይሆናሉ። ክብደቱ በኩብ ያድጋል፤ 2.37 እጥፍ ይሆናል። አራት ቶን የነበረው ጀልባ ወደ ዘጠኝ ቶን ተኩል ተጠጋ ማለት ነው። ነዳፊዎች በተግባር ወርዱን እንደ ርዝመቱ ስለማያሳድጉ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

በዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍጥነት ምን ያህል ነው? ጀልባ ሲሄድ የራሱን ሞገድ ይፈጥራል። የሞገዱ ርዝመት ከጀልባው የውኃ መስመር ርዝመት ጋር ሲተካከል ጀልባው በሁለት የሞገድ ጫፎች መካከል ይታሰራል፤ ከዚህ በላይ ለመፍጠን የራሱን ሞገድ ሽቅብ መውጣት አለበት። በጥልቅ ውኃ ላይ የዚህ ወሰን ፍጥነት v = √(gL/2π) ነው። ለስሌቱ ቅለት L የጀልባው ሙሉ ርዝመት ነው ብንል ለ9 ሜትር በሰዓት 13.5 ኪሎ ሜትር፣ ለ12 ሜትር 15.6 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል። ጭማሪው 15 በመቶ ብቻ ነው።

እንግዲያውስ ሰው ትልቁን ለምን ይመርጣል? ከምቾቱ በተጨማሪ ትልቅ ጀልባ ነፋስን ይበልጥ ይቋቋማል። ነፋስ ጀልባውን ለማጋደል የሚያሳርፈው የማዞር ኃይል በሸራው ስፋትና በከፍታው ብዜት፣ ማለትም በርዝመቱ ኩብ ያድጋል፤ ጀልባውን ወደ ቀጥታ የሚመልሰው የማዞር ኃይል ግን በክብደትና በወርድ ብዜት ስለሚለካ በአራተኛ ኃይል ያድጋል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 2.37፣ ሁለተኛው 3.16 እጥፍ ይሆናል። ይህ ለመርከበኛው መልካም ዜና ቢሆንም ለብሎኖቹ አይደለም። የብሎን ጥንካሬ በወገቡ ስፋት፣ ማለትም በካሬ ብቻ ነው የሚያድገው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ትላልቅ እንስሳት አጥንት ያስረዳው ይህንኑ ነው። ትልቅ ጀልባ ትንሹን ብቻ አጉልተው ቢሠሩት በእያንዳንዱ የብሎን ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና 33 በመቶ ይጨምራል። በመሆኑም በትንሽ ጀልባ ላይ በቸልታ የሚታለፍ የላላ ዳዶ በትልቁ ላይ አይታለፍም።

ውኃ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

ገዢዎች አብዝተው የሚፈሩት ከጀልባው ሆድ ሥር የሚታየውን ውኃ የቋጠረ እብጠት ነው። ፖሊስተር ሙሉ በሙሉ ውኃ የማያስገባ አይደለም። የውኃ ሞለኪውሎች ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን የውጭ ሽፋን ዘልቀው ይገባሉ፤ በውስጡ ያልጠነከረ ሬዚንና ሌሎች ሟሚ ነገሮች ያገኛሉ፤ የፖሊስተሩን የኤስተር ትስስርም ቀስ በቀስ ይበጥሳሉ። በዚህ መንገድ የተፈጠረው ድፍን ሙሙት ከውጭው ውኃ ይልቅ ስለሚበረታ በኦስሞሲስ ሕግ ተጨማሪ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሽፋኑም ያብጣል። እብጠቱ ሲበሳ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት አሲዳማ ፈሳሽ ይወጣል። አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው፣ በሐይቅ ላይ የሚኖር ጀልባ ከባሕሩ ይልቅ ለዚህ ችግር መጋለጡን ነው፤ ጨው በሌለበት ውኃና በእብጠቱ ፈሳሽ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጣልና። ፈውሱ ሽፋኑን መላጥ፣ ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ለወራት ማድረቅና በኤፖክሲ መሸፈን ነው። አድካሚና ውድ ሥራ ነው፤ ቢሆንም በእብጠት ምክንያት የሰጠመ ጀልባ ማግኘት ይከብዳል። በእኔ ግምት ጥቂት እብጠቶች የሚጠቅሙት ዋጋ ለማስቀነስ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ሰው የሚራመድበት የላይኛው ወለል ነው። ይህ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎችና በመካከላቸው የተጣበቀ ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። የአንድ ሰሌዳ ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ውፍረቱን በቀላል እንጨት እጥፍ ማድረግ ብዙ ክብደት ሳይጨምር ግትርነቱን ወደ ስምንት እጥፍ ያደርሰዋል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የገመድ ማሰሪያና መስኮት ወለሉ ተበስቷል። የቀዳዳዎቹ ማሸጊያ ሙጫ ዓመታት ሲያልፉበት ይሰነጠቃል፤ የዝናብ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሁለቱ ንጣፎችም ተለያይተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሸከማሉ። ከላይ ሲታይ ቀለሙ አምሮ ሊታይ ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፦ የላስቲክ ራስ ባለው ትንሽ መዶሻ ወለሉን እየመቱ ማዳመጥ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላሸው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም አለ፤ ሆኖም ከወለሉ ሥር ያለ ብረት ያሳስተዋልና መዶሻውን አይተካም። የተበላሸው ቦታ ከተገኘ የላይኛው ንጣፍ ተቆርጦ ይነሣል፤ የበሰበሰው ተጠርጎ አዲስ እንጨት ይተካል፤ በላዩም ፋይበርግላስ ይነጠፋል። ወደፊት ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ በመጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ በኤፖክሲ ይሞላል፤ ሲጠነክር እንደገና በልኩ ይበሳል። ያኔ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውኃው እንጨቱን አይነካም።

አየር ያጣ ብረት

አይዝጌ ብረት የሚባለው ስሙን ያገኘው በውስጡ ባለው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው መከላከያ ሽፋን ይፈጥራል፤ ሽፋኑ ቢጫር ኦክስጅን እስካለ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ብረቱ በወለሉ ውስጥ በሚያልፍበት ጠባብ ሥፍራ ግን ኦክስጅን የለም፤ ከባሕር ውኃ የመጣ ክሎራይድ ብቻ አለ። መከላከያው ይጠፋል፣ ብረቱም ከውስጥ ይሰነጠቃል። ከላይም ከታችም የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ በመካከሉ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ምሰሶውን የሚይዙት የሽቦ ገመዶች የታሰሩባቸው የብረት ሰሌዳዎች ሁሉ እንዲህ ባለ ቦታ ስለሚያልፉ ከቦታቸው ወጥተው መታየት አለባቸው። የሽቦ ገመዶቹ ዕድሜ የማይታወቅ ከሆነ መተካት ይሻላል፤ ምሰሶ የሚወድቀው ነፋስ በበረታ ሰዓት ነውና።

ሌላው ጉዳይ ሁለት ዓይነት ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ መፍጠራቸው ነው። መደበኛው የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ለዚንክ −0.76፣ ለመዳብ +0.34 ቮልት ነው። የመዳብና የዚንክ ቅይጥ የሆነ ርካሽ ቫልቭ በባሕር ውኃ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ሟሙቶ ይሄድና ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ያለው፣ በእጅ የሚፈረፈር መዳብ ይቀራል። ዕውቀቱ ወደ ጥቅምም ይለወጣል፤ ከጀልባው ሥር የዚንክ ቁራጭ ይታሰራል፤ እርሱ ስለ ሌሎቹ ይበላል፣ ሲያልቅም ይተካል።

ቫልቩ ለምን ያሳስበናል? ከውኃው ወለል በታች 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቫልቭ ተሰበረ እንበል። የውኃው ፍጥነት √(2gh)፣ ማለትም በሰከንድ 3.4 ሜትር ነው። የቀዳዳውን መጥበብ በ0.6 ብናርመው በደቂቃ 155 ሊትር ያህል ይገባል፤ በአሥር ደቂቃ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ። በብዙ ጀልባዎች ላይ ያሉት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ይህን መቋቋም አይችሉም።

ኪል

ኪል ከጀልባው ሆድ ሥር እንደ ክንፍ የተንጠለጠለ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ነው። በብዙ ጀልባዎች በብሎንና በዳዶ ይታሰራል፤ ጫናውንም ወደ አካሉ የሚያሰራጨው ከውስጥ የተጣበቀ የፋይበርግላስ መረብ ነው። ቺኪ ራፊኪ የተባለው 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሸራ ጀልባ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በሰሜን አትላንቲክ መካከል ኪሉ ተነጥሎ ተገለበጠ። አራቱም መርከበኞች ጠፉ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ጀልባው ቀደም ሲል ከባሕር ወለል ጋር መጋጨቱና በኋላም የተደረጉለት ጥገናዎች ተደማምረው ኪሉ የተያያዘበትን ክፍል አዳክመውት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ቀላል በሚመስል ግጭት እንኳ መረቡ ከአካሉ ሊላቀቅና ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቀር እንደሚችልም አስጠነቀቀ።

ስለዚህ ገዢው ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ «ሞተሩ ይነሣል ወይ?» ሳይሆን «መሬት ነክቶ ያውቃል ወይ?» የሚለው ነው። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ሲንጠለጠል የኪሉና የአካሉ መገናኛ ይታያል፤ የተከፈተ መሥመርና የዝገት ውኃ ዱካ ካለ ከብሎኖቹ አንዱ ተነቅሎ መታየት አለበት። ከውስጥ ደግሞ መረቡ ከአካሉ ጋር በተጣበቀበት ሁሉ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይፈለጋል። ይህ የመርማሪ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ክፍያውም ሻጩ ካቀረበው ሰው ሳይሆን ገዢው ራሱ ለመረጠው ይከፈላል። ውሉም ግዢው በምርመራው ውጤት የሚወሰን መሆኑን መግለጽ አለበት።

የሥራው ቅደም ተከተል

አብዛኛው አዲስ ባለቤት የሚጀምረው ከፍራሹና ከቫርኒሹ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ በዓይን ይታያል። ገንዘቡ ሳያልቅ መሠራት ያለባቸው ግን ቀዳዳዎቹ፣ ኪሉና መሪው ናቸው፤ ቀጥሎ ምሰሶውና ገመዶቹ፣ ከዚያ ሞተሩና የኤሌክትሪክ መሥመሩ ይመጣሉ። የሸራው ጨርቅ በፀሐይ የሚጎዳ ፖሊስተር ስለሆነ ይመርመር እንጂ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ መግዛት ግድ አይደለም።

ጀልባው ታድሶ ወደ ውኃ ሲመለስ ከማንሻው ገመድ ሳይፈታ እያንዳንዱ ቫልቭ ተራ በተራ ይከፈታል፤ አንድ ሰውም በእጅ ባትሪ እያበራ ዙሪያውን ይመለከታል። በወለሉ ሥር ውኃ ከተገኘ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። በቤተ ሙከራ ቢሆን አንድ የብር ናይትሬት ጠብታ ይበቃ ነበር፤ የባሕር ውኃ ከሆነ ወዲያው ወፍራም ነጭ ዝቃጭ ይታያል። መርከበኞች ግን ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱታል። ጨው ጨው ካለ የሚያፈሰው ከባሕር ነው፣ ጀልባው እንደገና ይንጠልጠል፤ ጨው ከሌለው ከዝናብ ወይም ከመጠጥ ውኃው ታንክ ነው፣ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል።